የማይከፈተው በር

ጨዋታ ከጦርነት የተዋሰው ነገር ብዙ ነው። ሰንጠረዥ ንጉሥ፣ ፈረስና ወታደር አሰልፎ በአንዲት ሰሌዳ ላይ ዘመቻ ያካሂዳል፤ ጉግስ ጋሻና ዘንግ አስይዞ በሜዳ ላይ ፈረስ ያስጋልባል። ስለዚህ አንድ ወጣት ከኮምፒዩተር እስክሪን ፊት ተቀምጦ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ቢነዳ ነገሩ በራሱ የሚያስደነግጥ አይደለም። የጦርነት ጨዋታ ሰውን ጨካኝ ያደርጋል የሚለው ክስም በየዘመኑ ሲነሣና ሲያከራክር የኖረ በመሆኑ እዚህ ላይ ጊዜ አይወሰድበትም። ይልቅስ መጠየቅ ያለበት፣ ጨዋታው ከጦርነት የትኛውን ወስዶ የትኛውን ተወ የሚለው ነው።

«ዋር ተንደር» የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። በሞስኮ ተመሥርቶ ኋላ መቀመጫውን ወደ ቡዳፔስት ያዛወረው ጋይጂን የተባለ ኩባንያ ያዘጋጀው ይህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2012 ለሕዝብ ቀረበ፤ ታንኮችና ሌሎች የምድር ተሽከርካሪዎች የተጨመሩበት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከእነዚህ መካከል ቢቲአር-80ኤ አንዱ ነው፤ ስምንት ጎማ ያለው፣ 14 ቶን ተኩል ያህል የሚመዝን፣ በጥርጊያ መንገድ ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ፣ በውኃ ላይ የሚዋኝ፣ ባለ 30 ሚሊ ሜትር ፈጣን መድፍ የተሸከመ። ብረቱ የጠመንጃ ጥይት ቢመልስ ነው፤ ከታንክ መድፍ ፊት እንደ ወረቀት ይቆጠራል። ስለዚህ ተጫዋቹ የሚተማመነው በፍጥነቱ ነው። ግጥሚያው እንደ ተጀመረ ከከባዶቹ ታንኮች ቀድሞ ይፈተለካል፤ በመንደሩ ጓሮ ይሽሎከለካል፤ ዞሮ ከጠላት ታንክ ጎን ይወጣና ስሱን ብረት በጥይት ይቆላዋል። እሱም ቢመታ በሌላ ተሽከርካሪ ይመለሳል። ደስታው እውነተኛ ነው፤ ይህን የሚክድ ሰው ፈረስ ሲጋልብ ልቡ ዘልላ የማታውቅ ሰው ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ተሽከርካሪ የተሠራው ለሩጫ ሳይሆን ሰው ለማድረስ ነው። ከአዛዡ፣ ከነጂውና ከተኳሹ ሌላ ሰባት ያህል እግረኛ ወታደሮች በሆዱ ይዞ ይጓዛል። የዘሩን ታሪክ ለሚመረምር ሰው ዋናው ጉዳይ መድፉ ሳይሆን በሩ ሆኖ ይገኛል። የኢትዮጵያ ሠራዊት በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ከሶቪየት ኅብረት በተቀበለው በቀዳሚው ቢቲአር-60፣ ወታደሮቹ የሚወርዱት በአብዛኛው በጣራው መውጫ በኩል ነበር፤ ይህም ማለት በተኩስ መካከል ከብረቱ በላይ ተገልጦ መታየት ማለት ነው። በቢቲአር-70 ከጎማዎቹ መካከል ትንሽ በር ተከፈተች፤ ትጥቁን የያዘ ሰው ተጎንብሶ፣ እየተጋፋ የሚሾልክባት። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በመጣው በቢቲአር-80 ግን በሩ ሰፋ። የታችኛው ሳንቃ ወደ ውጭ ተዘርግቶ እርከን ይሆናል፤ የላይኛው ወደ ጎን ይከፈታል፤ ተሽከርካሪው ሳይቆም እንኳ ወታደሩ ሊወርድ ይችላል። ከዚህ ሳንቃ ጀርባ ከሃያ ዓመት በላይ የተጠራቀመ ሐሳብ አለ። ያም ሆኖ ብረቱ የሚሰጠው መጠለያ ሙሉ አልነበረም። በአፍጋኒስታን ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1979–1989) ብዙ የሶቪየት ወታደሮች ከውስጥ ይልቅ ከጣራው ላይ ተቀምጠው መጓዝን ይመርጡ ነበር። ከሥር የሚፈነዳ ፈንጂ በተዘጋ ብረት ውስጥ የሚያደርገውን ያውቁ ስለ ነበር ለጥይት መጋለጥን መረጡ።

በጨዋታው ውስጥም ይህ በር አለ። ሠዓሊዎቹ በየቦታው አስገብተው ሥለውታል። አይከፈትም። የጨዋታው የታወቀው የምድር ውጊያ ለዓመታት የተካሄደው ያለ እግረኛ ነውና የሚወርድ ሰው የለም። ጥይት ሲያርፍ እስክሪኑ የተሽከርካሪውን ሆድ ዕቃ ገልጦ ያሳያል፤ ሞተሩ፣ ነዳጁ፣ ጥይቱ በየስፍራቸው ይታያሉ። ፊት የሌላቸው ሦስት የሰው ምስሎችም አሉ፤ የተመታው ቀለሙ ይለወጣል፣ የወደቀው ይጠቁራል፤ ከሦስቱ አንድ ብቻ ሲቀር ተሽከርካሪው እንደ ጠፋ ይቆጠራል። ሰባቱ ሊቀመጡበት የሚገባው መካከለኛው ክፍል ግን ባዶ ነው።

ከዚህ ባዶነት አንድ እንግዳ ሕግ ተወልዷል። ቀስት መሰሉ የታንክ ጥይት በዚያ ክፍል ሲያልፍ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ነገር አያገኝም፤ በአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ተሽከርካሪውም ሩጫውን ይቀጥላል። የለመደ ተጫዋች ይህን ያውቀዋል፤ መመታቱ ካልቀረለት እዚያ ቢመታ ይወዳል። በእውነተኛው ተሽከርካሪ ጥይት ቢገባበት እልቂት የሚሆነው ስፍራ፣ በጨዋታው ከሁሉ የሚሻለው ቁስል ሆነ ማለት ነው።

ይህ ከግድ የለሽነት የመጣ እንዳይመስል፣ የጨዋታው ወዳጆች ለትክክለኛነት ያላቸው ቅናት የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ተጫዋች የእንግሊዙ ቻሌንጀር 2 ታንክ በትክክል አልተሠራም ብሎ ለመከራከር ምስጢራዊ ከተባለ የታንኩ መመሪያ ገጾችን አውጥቶ በአደባባይ አሳየ፤ ኩባንያውም ጽሑፉን አንሥቶ እንደማይጠቀምበት አስታወቀ። ለብረት ሲባል የመንግሥት ምስጢር እስከ ማውጣት የሚያደርስ ቅናት! በኪነ ጥበብ የእውነታዊነት ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ምን ያህል ይመስላል?» እየተባለ ይቀርባል። «ማን ጎደለ?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ «ቴአትርስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በመድረክም ጎራዴው የእንጨት፣ ጠመንጃው ባዶ ነው። ክርክሩ ተገቢ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሺስቶች አዲስ አበባ ላይ የረሸኗቸውን አቡነ ጴጥሮስን ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ«ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» ለመድረክ ሲያቀርባቸው፣ ተመልካቹ ማንም እንደማይሞት፣ ተዋናዩም ነገ ማታ በዚያው ስፍራ ተመልሶ እንደሚቆም ያውቃል። ደም አለመፍሰሱ ግን ውሸት አልሆነበትም። ርእሱ ራሱ እንደሚናገረው ጸሐፌ ተውኔቱ የያዘው ጥይቱን ሳይሆን ሰዓቲቱን ነው፤ አንድ ሰው ከኅሊናው ጋር የሚሟገትባትን ሰዓት። ማንኛውም ጥበብ አንድ ነገር ለማስገባት ሌላውን ያስወጣል። መድረክ የጦር ሜዳውን የሚያስወጣው ለሰው ቦታ ለመልቀቅ ነው። በዚህ ጨዋታ ግን የወጣው ሰው ነው፤ የገባው ብረት።

ታዲያ ሰባቱ ምስሎች በአግዳሚው ላይ ቢቀመጡ ነገሩ ይስተካከላልን? ይህ ከመጀመሪያው ጥያቄ ይልቅ ይከብዳል። በጨዋታው ማጥፋት ሁሉ ነጥብና «የብር አንበሳ» የተባለ ገንዘብ ያስገኛል። (ስሙ መቼም ያምራል።) ሰባት ሰዎች ሲጨመሩ ሰባት ሽልማት ይጨመራል፤ ተኳሹ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነጣጥረው በሩ ላይ ይሆናል። ይህን ለሚያስብ ሰው ባዶው አግዳሚ ይሻላል። ምናልባትም አንዲት የሐፍረት ጭላንጭል አለችበት፤ ምናልባትም የተሽከርካሪ ጨዋታ ከመሆኑ የመጣ ተራ የሥራ ምርጫ ነው። በየትኛውም ምክንያት ቢሆን የጎደለው ምስል ብቻ እንዳልሆነ ይታያል። የጎደለው የነጂውን እግር የሚይዘው ነገር ነው።

የጉግስ ፈረሰኛ ይህ ነገር አለው። ፈረሱ ለጨዋታው ፈቃዱን አልሰጠም፤ ይደክማል፣ ይሰናከላል፣ ያልበዋል። ጋላቢው ተፎካካሪውን ሲያባርር እንኳ ከሥሩ ያለውን ትንፋሽ ያዳምጣል፤ ጨዋታው ሲያበቃ ወርዶ አንገቱን ያሻሸዋል። የእውነተኛው ቢቲአር ነጂም ከጀርባው ሳል፣ እርግማንና የትጥቅ ግጭት ይሰማል፤ ጉድባ ሲያይ እግሩን ከነዳጁ ላይ የሚያነሣው ለሞተሩ አዝኖ ብቻ አይደለም። ፍጥነቱን የሚለኩለት ሰባት ሰዎች አሉ፤ አንዳቸውም በመንገዱ ምርጫ አልተጠየቁም። ድፍረት ወይም ፍርሃት የሚባለው ነገር ለእሱ ትርጉም የሚያገኘው በእነሱ ነው። ለራሱ ብቻ የሚነዳ ሰው ደፋር ይሁን ፈሪ ገና አልታወቀም፤ ጥያቄው አልቀረበለትም።

ግጥሚያው እንደገና ይጀመራል። ስምንቱ ጎማዎች አቧራ እየበተኑ በመንደሩ ጎዳና ይበራሉ። ከማዶ የተተኮሰ ጥይት በበሩ ገብቶ በወዲያኛው በር ይወጣል። እስክሪኑ ሆድ ዕቃውን ገልጦ ያሳያል፤ ሦስቱ ምስሎች እንደ ነበሩ ናቸው፣ ሌላ የተጎዳ የለም። ተጫዋቹ ዕድሉን አመስግኖ ማርሽ ይቀይራል።