ከተራራው የሚወርድ ጸሎት



ለጸሎት ወደ ከፍታ መውጣት ለደጋ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ከዳባት እስከ ደባርቅ፥ ከዚያም እስከ ስሜን ተራሮች ግርጌ ድረስ፥ አባቶቻችን የጸሎትን ቤት በየጉብታው ሠርተዋል። የሚከብደን መውረዱ ነው። ተሳልመን ስንመለስ በመንገድ ዳር የወደቀውን ሰው እንዴት እናየዋለን? ይህን ጥያቄ ዛሬ በአንዲት እናት ሕይወት ልንመረምረው እንወዳለን።

ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1928 ዓ.ም. በሸዋ፥ ሸበል አቦ በተባለች መንደር ተወለዱ። ገና በጨቅላነታቸው አባታቸውን በጣልያን ወረራ አጡ፤ በአያቶቻቸውም እጅ አደጉ። በልጅነታቸው ያለ ፈቃዳቸው ተዳሩ፤ ከዚያ ቤት ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ፥ ተማሩ፥ ሥራም ያዙ። ቄስ አልነበሩም፥ ደናግልም ከሚኖሩበት ገዳም አልወጡም። ቤትና ትዳር ያላቸው፥ በደመወዝ የሚተዳደሩ ምእመን ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ወሎ ሄዱ። በዚያም ረኃብ ሰውን በየመንገዱ ጥሎት አገኙ። የያዙትን ዳቦና ጠበል ለወደቁት አካፈሉ። ከሙታን መካከል ግን የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን ተመለከቱ። ዳቦው ቢያልቅም ጉዳዩ አላለቀም፤ ሕፃኗን አንሥተው፥ ሌላም ወላጅ የሌለው ሕፃን ጨምረው፥ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባለቤታቸው ከትዳሩና ከልጆቹ አንዱን እንዲመርጡ በጠየቋቸው ጊዜ፥ ልጆቹን ይዘው ከከተማው ዳር በምትገኝ ጎጆ መኖር ጀመሩ፤ ምግብ እያዘጋጁና እየሸጡም አሳደጓቸው። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1986 በሕግ የታወቀ ድርጅት ሆነ። ብዙዎችም «እዳዬ» ብለው ጠሯቸው።

ይህን የምንተርከው የቤት መፍረስን ለማወደስ አይደለም። ትዳር ቅዱስ ምሥጢር እንደ ሆነ እናምናለን። ነገር ግን ምሕረት ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑን ልንሸሽግ አይገባንም። ይልቁንም ራሳችንን እንጠይቅ፤ አንዲት ሴት ያን ሁሉ ሸክም ስትሸከም ከጎኗ መቆም የነበረበት ማን ነው? አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ስለዚህ ነው። ብፁዕ ፍሬደሪክ ኦዛናምም እ.ኤ.አ. በ1833 በፓሪስ የ20 ዓመት ተማሪ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው የቅዱስ ቪንሰንት ዘጳውሎስ ማኅበር በዚሁ ማስተዋል ላይ የቆመ ነው። አባላቱ ሁለት ሁለት እየሆኑ ድኾችን በየቤታቸው ይጎበኛሉ እንጂ አንዱ ብቻውን እንዲደክም አይተዉትም።

ምናልባት ከመካከላችን «እኚህ እናት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ነበሩ፤ እኛ ካቶሊካውያን ከእርሳቸው ምን እንማራለን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጌታችን ለሕግ ዐዋቂው ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ ሲያስተምር ምሳሌ አድርጎ ያቀረበለት ካህኑን ወይም ሌዋዊውን ሳይሆን ሳምራዊውን እንደ ነበር እናስታውስ። ደግ ሥራን በጎረቤት ቤት አይቶ አለመማር ትዕቢት ነው።

ወይዘሮ አበበች ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና ሕመም ዐረፉ። በዚያው ክረምት ጦርነቱ ወደ ስሜን ደረሰ። ከአዲአርቃይና ከዛሪማ የተፈናቀሉ ወገኖች የሊማሊሞን ዳገት ወጥተው ደባርቅ ገቡ። በነሐሴ ወር በዳባት አጠገብ በጭና ሰላማውያን ሰዎች ተገደሉ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በትግራይ ከነበሩ መጠለያዎች የመጡ ኤርትራውያን ስደተኞች በዳባት ወረዳ በአለምዋጭ መስፈር ጀመሩ። በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ጃናሞራንና አካባቢዋን መታ።

እንግዲህ ግሸን ላይ የታየው መንገድ በእኛም ደጅ አልፏል። ልጁን የቀበረን ሰው «ለሌላው ራራ» ማለት ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ሐዘኑን አቃልለን ልንሰብክበት አንደፍርም። ይሁን እንጂ የተራበ ሕፃን በየትኛው ቋንቋ እንደሚያለቅስ ጠይቀን የምንመጸውት ከሆነ፥ ያ ምጽዋት ለወገናችን ያደረግነው ውለታ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ወዳጆቻችን ሆይ፥ የእርዳታ እህል የጫነ መኪና እስኪመጣ አንጠብቅ። በየማኅበራችንና በየዕድራችን ከአዝመራ ጊዜ ጀምረን ጥቂት ጥቂት እህል እናስቀምጥ፤ በመካከላችን ወላጅ ያጣ ልጅ እንዳለ እንጠይቅ፤ ስናገኝም ሸክሙን ለአንድ ቤት ብቻ አንተው። ወይዘሮ አበበች ከግሸን ሲመለሱ ለበረከት የያዙት ጠበል በእጃቸው አልነበረም፤ የተጠሙት ጠጥተውታል። ከቤተ መቅደስ ይዘነው የምንወርደው በረከትም እንዲሁ በመንገድ ላይ የሚያልቅ ይሁን።

የምሕረት አባት እግዚአብሔር የሚያይ ዓይንና የሚዘረጋ እጅ ይስጠን። አሜን።