የሰንበቱ ንባብና የከተማው ደም

አይሁድ አምስቱን የሙሴ መጻሕፍት በ54 ክፍል ከፍለው፥ አንዳንድ ጊዜም ሁለቱን ክፍል ባንድ ሰንበት እያገናኙ፥ በያመቱ በምኵራብ አንብበው ይፈጽማሉ። በፈጸሙበትም ቀን ወዲያው ዘፍጥረትን ይጀምራሉ። ይህን ሥርዐት ሳስበው የሚያስደንቀኝ አንባቢው ንባቡን የማይመርጥ መሆኑ ነው፤ ቀኑ ያመጣለታል እንጂ። ባለጠጋው ስለ ድኻ የሚናገረው ክፍል በደረሰ ጊዜ ዘሎ ሊያልፈው አይችልም።

ለመምህሩ ግን ሌላ ፈተና አለበት። የሳምንቱን ወሬ አስቀድሞ በልቡ ይዞ ይመጣና መጽሐፉን ለወሬው ምስክር አድርጎ ያቆመዋል። እንግዲህ መጽሐፉ እርሱን አስተማረው ወይስ እርሱ መጽሐፉን?

ነሐማ ሊቦቪትዝ የተባሉት የኢየሩሳሌም መምህርት (በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1905 ተወልደው በ1997 ያረፉ ናቸው) ከ1942 ጀምሮ 30 ዓመት ያህል በየሳምንቱ ክፍል ላይ ጥያቄ የተጻፈበት ወረቀት ለፈለገ ሁሉ ይልኩ ነበር። ገበሬውም ወታደሩም መልሱን ጽፎ ሲልክላቸው በቀይ ቀለም አርመው ይመልሱለት ነበር። ትምህርቱን ከጥያቄ መጀመራቸው መልካም አደረጉ እላለሁ፤ ጥያቄ አንባቢውን ወደ ቃሉ ይመልሰዋልና።

አዲሱ ዓመታቸው ሲቃረብ የሚነበበውን የኦሪት ዘዳግምን 21ኛ ምዕራፍ እንመልከት። ገዳዩ ያልታወቀ ሬሳ በሜዳ ቢገኝ እስከ ከተሞቹ ያለው ርቀት ይለካል፤ የቀረበችውም ከተማ ሽማግሎች ባንገቷ በተሰበረች ጊደር ላይ እጃቸውን ታጥበው ደሙን እንዳላፈሰሱ ይመሰክራሉ። የሚሽና ሊቃውንት በዚህ ተደነቁ፤ ሽማግሎችን ነፍሰ ገዳይ ናቸው ብሎ ማን ጠረጠራቸው? የባቢሎን ሊቃውንት ምስክርነቱን ስለ ሟቹ ተረጐሙት፤ እንግዳው ወደ ከተማችን መጥቶ ያለ ስንቅና ያለ ሸኚ አልሰደድነውም ማለት ነው ብለው። የምድረ እስራኤል ሊቃውንት ግን፥ በኢየሩሳሌም ታልሙድ እንደ ተጻፈ፥ ስለ ገዳዩ ተረጐሙት፤ በእጃችን ገብቶ ሳለ ፍርዱን ቸል ብለን አልለቀቅነውም ማለት ነው አሉ።

ኦሪት ስንቅንም መልቀቅንም በቃል አላነሣችም። ነገር ግን ሁለቱ ትርጓሜ ከወሬ አልመጣም፤ ንጹሕ ሰው ለምን ይምላል ከሚለው ጭንቅ የተወለደ ነው። ስለዚህ ዛሬ በቴል አቪቭ ወይም በኒውዮርክ ብቻውን ኖሮ ሞቱ ዘግይቶ ስለ ተሰማ ጎረቤት ቢሰበክበት ያላግባብ አይሆንም።

ለሰባኪ የሚቀለው የባቢሎኑ ነው፤ ስንቅ መስጠትን የሚጠላ የለምና። ሁለተኛው ግን ጉባኤውን ያስከፋል፤ የተለቀቀው ወንጀለኛ የማን ዘመድ ነበረ፥ ማንስ እያወቀ ዝም አለ ብሎ ይጠይቃል።