ከተራራው የሚወርድ ሙልሙል



ነሐሴ 13 ቀን ጌታችን በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበትን በዓል እናከብራለን። በሐሙሲትም ሆነ ስሟን ከዚያ ተራራ በወሰደችው በደብረ ታቦር፥ እናቶች ሙልሙል ይጋግራሉ፤ ልጆችም በየደጁ ሆያ ሆዬ ይላሉ።

ቅዱስ ጴጥሮስ በዚያ ብርሃን ዳስ ሠርቶ ሊቀመጥ ወደደ (ማቴ. 17፥4)። ጌታ ግን ደቀ መዛሙርቱን ይዞ ወረደ፤ ከተራራው በታች አንድ አባት ስለ ታመመ ልጁ ለመነው (ማቴ. 17፥14-15)። ሙልሙላችንም ከምጣዱ ወደ ደጅ ካልወረደ፥ እኛም በዳሳችን ቀረን ማለት ነው።

ስለዚህ ዱቄት ቢያንስ ሙልሙሉ ይነስ እንጂ ደጃችን አይዘጋ። የሚዘምረውን ልጅ «የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነህ?» ሳንል እንስጠው። ምጣድ ላልጣደችው ጎረቤታችንም በልጆቻችን እጅ እንላክላት። የልጆቹ ምርቃት ለቤታችን በረከት ይሁን። አሜን።