ባለቤት የሌለው ሀብት ጠበቃው ማን ነው?

መሬት በችካል ይከለላል፤ ውኃም በቦይ ይጠለፋል። መልእክታችንን ያለ ሽቦ የሚያሻግረው የሬዲዮ ሞገድ ግን በእጅ አይጨበጥም፤ መተላለፊያውንም ማንም ሰው አልሠራውም። እንዲህ ያለው ሀብት ለሁሉ ክፍት ሆኖ ይኖር ዘንድ ተደራጅቶ መሟገት የሥነ ምግባር ግዴታ ነውን? ጥያቄው ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው አይደለም።

በቅድሚያ «ክፍት» ማለት «ሕግ አልባ» ማለት እንዳልሆነ መረዳት ያሻል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1926 የፍርድ ቤት ውሳኔ መንግሥትን የመቆጣጠር ሥልጣን ባሳጣው ጊዜ፣ የሬዲዮ ጣቢያዎች እንደ ፈቃዳቸው ሞገድ እየለወጡና ኃይላቸውን እየጨመሩ እርስ በርሳቸው ተደናቀፉ፤ ለአድማጩ የተረፈው ጫጫታ ነበር። በ1927 የሬዲዮ ሕግ የወጣውም ከዚህ የተነሣ ነው። ልጓም የሌለው ነጻነት ለብርቱው ብቻ ነጻነት ይሆናልና።

ይሁን እንጂ ሥርዓት ሁልጊዜ አጥር ማለት አይደለም። የአገሪቱ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1985፣ ማይክሮዌቭ ምድጃ የሚሠራበትን ጨምሮ ሦስት የሞገድ ክልሎችን ያለ ፈቃድ ለሚሠሩ የመገናኛ መሣሪያዎች ከፈተ። ግዴታውም ኃይላቸው ከ1 ዋት እንዳይበልጥ፣ ባለፈቃዱን እንዳያውኩ፣ ከሌሎች የሚደርስባቸውን መታወክም እንዲታገሡ ነው። ዛሬ በየቤቱ የምናውቀው ዋይፋይ የበቀለው በዚህ የወል መስክ ላይ ነው።

በ1994 በዚያው አገር የሞገድ ጨረታ ተጀመረ። ጨረታም የራሱ ፍትሕ አለው፤ የሕዝብን ሀብት የሚወስድ ለሕዝብ ግምጃ ቤት ይከፍላልና። ነገር ግን ገዢው ጥቅሙን ለይቶ ስለሚያውቅ ጠበቃ ያቆማል፤ የወሉ ተጠቃሚ ግን የየግል ድርሻው ጥቂት በመሆኑ ዝም ይላል። የሁሉም የሆነው ነገር ተከራካሪ የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» እንዲሉ፣ የመደራጀት ግዴታም ከዚህ ይመነጫል።

በቴሌቪዥን ጣቢያዎች መካከል ሥራ ፈት የሆኑት ሞገዶች ይከፈቱ ዘንድ የሕዝብ ጥቅም ተሟጋች ማኅበራትና እንደ ጎግልና ማይክሮሶፍት ያሉ ኩባንያዎች አብረው ጠየቁ። በአንጻሩ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች፣ ቲያትር ቤቶች፣ በገመድ አልባ ማይክሮፎን የሚገለገሉ አብያተ ክርስቲያናት ሳይቀሩ ሥጋታቸውን አሰሙ። ኮሚሽኑ በ2008 ሞገዶቹን ለጋራ አገልግሎት ፈቀደ፤ በ2010 ደግሞ ለማይክሮፎኖቹ ሁለት ቻናል ለይቶ አስቀረ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ትርፍ ፈላጊ ስለ ደገፈው ብቻ መልካም ዓላማ አይረክስም፤ ሆኖም ድምፃችንን ለእርሱ ልናከራይ አይገባም። ሁለተኛ፣ የሚቃወመን ሁሉ ስግብግብ አይደለም፤ እውነተኛ ችግር ያለበት ጎረቤትም ይገኝበታል።

እንግዲህ ለጋራ ሀብት የሚሟገት ሰው ያን ሀብት የሚጠብቀውን ሥርዓት በራሱ ላይ አስቀድሞ ሊፈጽም ይገባዋል፦ ድምፁን ልክ ያበጅለት፤ ሌላውን አያውክ፤ የሌላውንም ድምፅ ይታገሥ። ይህን ያላደረገ፣ አጥሩን አፍርሶ መስኩን ለራሱ የወሰደ ይሆናል።