ድመቷን ማን ወሰዳት?

የተፋቱ ባልና ሚስት የሚካሰሱበት ነገር ብዙ ነው። ቤቱ አለ፣ የልጅ ቀለብ አለ፣ የሱቅ ዕቃ አለ። ለእነዚህ ሁሉ ሽማግሌም ቃዲም ዳኛም ይገኛል። ይህ ሁሉ አልቆ ሰው ተለያይቶ ከተቀመጠ በኋላ ግን አንድ ትንሽ ነገር ይጠፋል፤ ለምሳሌ የቤት ድመት። ለመሆኑ ድመት ብትጠፋና ጥርጣሬው በቀድሞው ባል ላይ ቢያርፍ፣ የጠረጠረችው ሴት ምን ማድረግ ይገባታል? ነገሩ ለአንዳንድ አንባቢ የሚያስቅ ሊመስል ይችላል። በበኩሌ የሚያስቅ ሆኖ አላገኘሁትም።

እስቲ እንዲህ ብለን እናስብ። ከፍቺው ስድስት ወር አልፏል። ድመቷን ገና ግልገል ሳለች ከገበያ ያመጣት ባልየው ነው፤ ያሳደገቻት ሚስትየዋ ናት፤ አቅፏት የሚተኛው ደግሞ የሰባት ዓመት ልጃቸው ነው። በጭቅጭቁ ወቅት ሰውየው «ድመቷም የኔ ናት» ብሎ ያውቃል። የግቢውን በር ቁልፍ መመለሱን ያረጋገጠ የለም። ሐሙስ ልጁን ሊወስድ መጣ፤ ዓርብ ጧት ድመቷ የለችም።

ይህችን ሴት አትጠርጥሪ ማለት የሚቻል አይደለም። ልብ በትእዛዝ አያርፍም። በሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ የታዘዝነው ከብዙው ጥርጣሬ እንድንርቅ ሲሆን፣ ኃጢአት የተባለውም ከፊሉ ነው። ይሁንና በዚያው አንቀጽ ቀጥለው የተከለከሉትን ሁለት ነገሮች እንመልከት፤ የሰውን ነውር መሰለልና ሐሜት ናቸው። ጥርጣሬ ከልብ ሲወጣ የሚሄድባቸው መንገዶችም እነዚሁ ናቸው። መጀመሪያ ይሰለላል፤ ቀጥሎ በቡና ላይ ይወራል።

ሴትየዋ የምታቀርበው ትልቁ ክርክር «ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል?» የሚል ነው። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። ሚስት ስለ ባሏ የምታውቀውን የወለደችውም እናት አታውቀውም። ሲዋሽ ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ቂም ሲይዝ ስንት ቀን ዝም እንደሚል ታውቃለች። ነገር ግን ፍቺ ይህን እውቀት ሳይነካው አያልፍም። በደጉ ጊዜ «ዝንጉ ነው» ይባል የነበረው ሰው ከፍቺ በኋላ «አውቆ ነው» ይባላል። ልጁን ሊወስድ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ድመቷን ቢዳብሳት ድሮ «ይወዳታል» ያሰኝ ነበር፤ አሁን «አስቦበት ኖሯል» ያሰኛል። ድርጊቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የተመልካቿ ዓይን ነው። ደግሞም የሰውን ጠባይ ማወቅ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ይነግረናል እንጂ ሐሙስ ማታ ምን እንዳደረገ አይነግረንም። በሱረቱ ዩሱፍ የንጉሡ መስፈሪያ ከታናሹ ወንድም ጭነት ውስጥ በተገኘ ጊዜ፣ ሌሎቹ ወንድሞች ቀድሞም ወንድሙ ሰርቆ ነበር ማለታቸውን አንባቢ ያስታውሳል። ያ ወንድም ግን ፊታቸው ቆሞ ይሰማቸው ነበር፤ መስፈሪያውም የተሰረቀ አልነበረም።

ድመት እንደ ቀለበት ካስቀመጧት ቦታ አትቆይም፤ እግር አላት። ለመራባት ስትፈልግ ቀናት ልትጠፋ ትችላለች። የተመረዘ አይጥ በልታ ከጎረቤት ቆርቆሮ ሥር ልትሞት ትችላለች። የሰፈር ልጅ ሊወስዳት ይችላል። እህል በረንዳ አካባቢ አይጥ ያስቸገረው ባለ መጋዘን ቢሆን ጎበዝ ድመት ካገኘ የማን ናት ብሎ የሚጠይቅ አይመስለኝም! እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ አንድ ጥናት ከአንድ ሺህ በላይ የጠፉ ድመቶች ጉዳይ ታይቶ፣ ከተገኙት መካከል ሦስት አራተኛ ያህሉ የተገኙት ከጠፉበት ቦታ በ500 ሜትር ርቀት ውስጥ ነው። እንግዲህ ወደ ሰውየው ቤት ከመሮጥ በፊት የጎረቤት ኮርኒስና የማገዶ ቤት መታየት ነበረባቸው።

በመዲና የሆነ አንድ ታሪክ ደግሞ አለ። ቲርሚዚ በዘገቡት መሠረት የቀታዳ ኢብኑ ኑዕማን (ረ.ዐ) አጎት ቤት ሌሊት ተሰብሮ ዱቄትና የጦር ዕቃ ተሰረቀ። ሰፈሩ ሲያጣራ ጥርጣሬው በኑ ኡበይሪቅ በሚባል ቤተሰብ ላይ አረፈ። ቀታዳ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነገሯቸው፤ የተጠርጣሪዎቹ ወገኖችም መጥተው ተሟገቱ። ነቢዩም በመልካም ስም የሚታወቅን ቤት ያለ ማስረጃ በስርቆት መክሰሳቸውን ነቀፉባቸው። ቀታዳ ከገንዘባቸው ከፊሉ ጠፍቶ ነገሩን ባላነሱት ኖሮ ብለው ተመኙ። ከዚያ በኋላ ነው ከሱረቱ ኒሳእ 105ኛው አንቀጽ ጀምሮ ያለው ወርዶ እውነቱ የታወቀው። ሌቦቹ የተጠረጠሩት እነዚያው ነበሩ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ለመጨረሻው ነው። እኔን የሚያስቆመኝ ግን መሀሉ ነው። የቀታዳ ጥርጣሬ ትክክል ነበር፤ ትክክል ሆኖም ሳለ በዚያ ሰዓት በእጃቸው የነበረው ነገር ሰውን ለመክሰስ አልበቃም። ለእኛ ደግሞ ወሕይ አይወርድልንም። በዚያው ቦታ ለከዳተኞች ተከራካሪ መሆንም ተከልክሏልና፣ ምንም ሳያውቁ «ወንድማችን እንዲህ አያደርግም» እያሉ የሚምሉት የባልየው እኅቶችም ነገሩ ይመለከታቸዋል።

ታዲያ ሴትየዋ ዝም ትበል? አልልም። መጠየቅና መክሰስ የተለያዩ ናቸው። «ድመቷ ጠፍታለች፤ ልጁ ያለቅሳል፤ አይተሃታል ወይ?» ማለት ይቻላል። ራሷ ልትጠይቀው ካልፈለገች ለፍቺው ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ይጠይቅላት። የበሩን ቁልፍም ትለውጥ፤ ቁልፍ መለወጥ የማንንም ስም አያጠፋም።

በምንም መንገድ መደረግ የሌለበት ግን ልጁን መጠየቅ ነው። «አባትህ ቤት ድመት አለች? ድምፅ ሰምተሃል? የተዘጋ ክፍል አለ?» የሰባት ዓመት ልጅ ይህን ሲጠየቅ የሚገባው ነገር ስለ ድመቷ ብቻ አይደለም። አባቱ ሌባ ሊሆን እንደሚችል ይገባዋል፤ እናቱን ለማስደሰት ምን ብሎ መመለስ እንዳለበትም ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ወደ አባቱ ቤት የሚገባው እየሰለለ ነው። ያልሰማውን ሰማሁ ቢልስ ማን ይጠየቅበታል? ድመት የጠፋችበትን ልጅ አባትም እንዲጠፋበት ማድረግ ነው።

ሰውየው በእርግጥ ወስዷት ከሆነስ? «እኔ ያመጣኋት ናት» ማለቱ አይቀርም። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 63 ተቃራኒ ካልተረጋገጠ በቀር የተጋቢዎችን ንብረት የጋራ አድርጎ ይገምታል፤ እንግዲህ ግማሽ ድመት ይገባኛል ሊል ነው! ድመት መሸጥ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም በሚለውም ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት አላቸው። ግን ጉዳዩ በዋጋዋ ላይ አይደለም። ይገባኛል የሚል ሰው በቀን መጥቶ ይጠይቃል። በድብቅ የወሰደ ሰው የወሰደው የልጁን እንቅልፍ ነው፤ የፈለገውም የሴትየዋን ልብ ማድማት ነው። ለዚህ ሥራ መሣሪያ ያደረጋት ደግሞ ነፍስ ያላት እንስሳ ናት። ድመት ዘግታ ሳታበላም ሳትለቅም በመግደሏ የተቀጣችውን ሴት ሐዲስ ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል፤ ድመቷን ከሰው ዓይን ለመሸሸግ ክፍል ውስጥ የዘጋባት ሰው ይህን ሊያስብበት ይገባል። ስለ ፍቺ በሚናገረው የሱረቱል በቀራ 237ኛ አንቀጽ በመካከል የነበረው ችሮታ እንዳይረሳ የተነገረውም ለወንዱም ጭምር ነው።

ተጠይቆ «አላየኋትም» ካለ፣ የሙግት ደንቡ የታወቀ ነው፤ ማስረጃ በከሳሽ፣ መሐላ በካጅ ላይ ነው። ሽማግሌው ፊት ይማል ብትል መብቷ ነው። ከማለ ደግሞ ክርክሩ በዚያ ይቆማል። ልቧ እንዲያምነው ማንም አያስገድዳትም፤ ላታምነውም ትችላለች። ከእሷ የሚጠበቀው በቡና ላይ ስሙን አለማንሳት፣ ሐሙስ ሲደርስም ልጁን እንደ ወትሮው አልብሶ መላክ ነው።