ስድስት ሳምንት የኖረ መንግሥት

በአማርኛ ለንጉሥ ከሚቀርቡ ምርቃቶች ሁሉ የታወቀው «ሺህ ዓመት ያንግሥዎ» የሚለው ነው። ስለ ፍርድ አያነሳም፣ ስለ ጥጋብም አያነሳም፤ የሚለምነው ዕድሜ ብቻ ነው። የቆየ መንግሥት ጸንቷል፣ የጸና ደግሞ ሥልጣኑ ይገባዋል የሚል እምነት ከሥሩ አለ። ልማዱ የእኛ ብቻ አይደለም። የናዚ ጀርመን መሪዎች መንግሥታችን ሺህ ዓመት ይኖራል ብለው ፎክረው በ12 ዓመቱ ሲፈርስ ብዙ ሰው የተሳለቀው በቁጥሩ ነበር። ግን ያ መንግሥት ሺህ ዓመት ቢሞላ ኖሮ የተሻለ መንግሥት ይሆን ነበር? አይሆንም ካልን የዕድሜን ሚዛንነት ተጠራጥረናል ማለት ነው። ጥርጣሬውን ከሌላኛው ጫፍ ለመፈተን ዕድሜው እጅግ ያጠረ መንግሥት ያስፈልገናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ገደማ በሰሜን ጣሊያን ተራሮች መካከል ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ የቆየው የኦሶላ ሪፐብሊክ ለዚህ ይመቻል።

ኦሶላ ስዊዘርላንድን የሚያዋስን የአልፕስ ሸለቆ ነው፤ ዋና ከተማው ዶሞዶሶላ ይባላል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1943 ጣሊያን ከተባበሩት ኃይሎች ጋር ጦርነት ማቆሟን ስታውጅ ጀርመን ሰሜኑን ያዘች፤ ሙሶሊኒንም ከታሰረበት አስፈትታ በሳሎ ከተማ አካባቢ አዲስ መንግሥት አቆመችለት። በየተራራው ከሸፈቱት አርበኞች መካከል ኮሚኒስቱም፣ ካቶሊኩም፣ ከፈረሰው ጦር የወጣው መኮንንም ነበሩ። እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1944፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1936 ዓ.ም.፣ የዶሞዶሶላ የጀርመንና የፋሺስት ጦር በቀሳውስት አሸማጋይነት ከተማዋን ለቆ ወጣ፤ አርበኞቹ ገቡ። 1,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋትና 80 ሺህ ያህል ሕዝብ ያለው አገር እጃቸው ገባ። እነርሱ ግን አገሩን በጦር አዛዥ ትእዛዝ ብቻ ማስተዳደሩን ትተው የሲቪል ምክር ቤት ሰየሙ። ሰብሳቢው ሶሻሊስቱ ሐኪም ኤቶሬ ቲባልዲ ነበሩ፤ የትምህርቱን ጉዳይ ካህን ያዙት፤ የእርዳታውን ሥራ ኮሚኒስቷ ጂዜላ ፍሎሬያኒኒ ተረከቡ። የጣሊያን ሴቶች ገና የመምረጥ መብት ባላገኙበት ዘመን አንዲት ሴት የሚኒስትር ያህል ሥልጣን ያዙ።

ምክር ቤቱን ከሁሉ በፊት የፈተነው ረሃብ ነው። ወደ ሜዳማው አገር የሚወስደው መንገድ በጠላት ተይዟል፤ ተራራው ሕዝቡን የሚቀልብ እህል አያበቅልም፤ ብርዱም እየመጣ ነው። ስለዚህ የሹማምንቱ ውሎ ዱቄት መቁጠርና ከስዊዘርላንድ የሚላከውን ድንች መጠባበቅ ሆነ። በዚያው ሰሞን ግን በሌላ ጠረጴዛ ዙሪያ ስለ ትምህርት ይመከር ነበር። ከመካሪዎቹ አንዱ የዶሞዶሶላው ተወላጅ የሥነ ጽሑፍ ሊቅ ጃንፍራንኮ ኮንቲኒ ነበር። ጥያቄው በፋሺስት መጻሕፍት ፋንታ ልጆቹ ምን ይማሩ የሚል ነው። ዱቄት ለዛሬ ነው፤ የሥርዓተ ትምህርት ፍሬ ግን ከአሥር ዓመት በኋላ የሚለቀም ነው። ነገ መድፍ ሊዘንብበት የሚችል ምክር ቤት የአሥር ዓመቱን ማሰቡ ቂልነት ነው የሚል አይጠፋም። እኔ ግን መንግሥት ምን ማለት እንደሆነ የታየው በዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው እላለሁ።

ምክንያቴ ይህ ነው። ጦር ቦታ ይይዛል፤ መንግሥት ግን ቃል ይገባል። ሕግ ያወጣ አካል «ዛሬ በዚህ ሕግ የዳኘሁህ ነገም በዚሁ እዳኝሃለሁ፤ እኔም እዳኝበታለሁ» እያለ ነው። የቃል ክብደት ደግሞ የሚመጣው ተናጋሪው ሊጠየቅበት በመፍቀዱ እንጂ የሚፈጸምበትን ቀን ለማየቱ ዋስትና ስላለው አይደለም። በእኛ ዘንድ ከቃል ሁሉ የከበደው የሟች ኑዛዜ ነው፤ ተናዛዡ ሲፈጸም አያይም፤ ቃሉ ግን በዚህ አይረክስም። በኦሶላ ይህ በግልጽ የታየው በፍርድ ነው። የፍርዱን ጉዳይ የያዙት የሕግ ባለሙያ ኤዚዮ ቪጎሬሊ ከጥቂት ወራት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1944፣ አርበኞች የነበሩ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ጠላት ባካሄደው አሰሳ አጥተዋል። አሁን የተማረኩ ፋሺስቶች በእጃቸው ናቸው። ደም መመለስ ምን ያህል የልብ እሳት እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። እኚህ አባት ግን በቀልን ትተው በሕግ መዳኘትን መረጡ። ያ ምርጫ በተደረገበት ሰዓት ሙሉ ነበር፤ ሙሉ ለመሆን ሌላ ዓመት አላስፈለገውም።

ከኦሶላ ጎን የሳሎውን መንግሥት እናስቀምጥ። የሙሶሊኒ መንግሥት ራሱን በይፋ «የጣሊያን ማኅበራዊ ሪፐብሊክ» ብሎ ሰይሟል፤ 20 ወር ገደማ ቆይቷል፤ ሚኒስቴሮችና ሠራዊት ነበሩት። በዕድሜ ከሄድን ከኦሶላ ከአሥር እጥፍ በላይ ሪፐብሊክ ነው። ነገር ግን የሚጠየቀው ለጀርመን እንጂ ለሕዝቡ አልነበረም። ይህን ለመረዳት እኛ ሩቅ መሄድ አይጠበቅብንም። ይኸው ፋሺዝም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተቀምጦ አዋጅ አውጥቷል፣ መንገድ ሠርቷል፣ ሰቅሏል። አማርኛ ግን ያንን ጊዜ ከነገሥታቱ ዘመን ጋር አልቆጠረውም፤ «የጠላት ዘመን» ብሎ ለብቻው አኖረው። ቋንቋው ከፈላስፋ ቀድሞ ፈርዷል፦ አምስት ዓመት መቀመጥ መንግሥት አያደርግም። የሁለቱ አገር ትግል በሰውም ይገናኛል፤ ከጎጃም አርበኞች ጋር የተሰለፈው ጣሊያናዊ ኢሊዮ ባሮንቲኒ በኋላ በሰሜን ጣሊያን ከተሞች ፀረ ፋሺስት ተዋጊዎችን አሠልጥኗል።

በዚህ ክርክር ላይ ከሚነሱት የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ ኦሶላ ያማረችው በአጭሩ ስለተቀጨች ነው፤ ብትቆይ እንደ ማንኛውም መንግሥት በሥልጣን ትበላሽ ነበር የሚል ነው። ተቃውሞው ኦሶላን ንጹሕ አድርጎ ስለሚነሳ ይሳሳታል። ምክር ቤቱን መጀመሪያ የሰየሙት የጦር አዛዡ ዲዮኒጂ ሱፔርቲ እንጂ ሕዝብ አልመረጠውም፤ በሚላን የነበረው የነጻ አውጪ ኮሚቴ ተቆጥቶ አባላቱ እንዲሰፉ አድርጓል። የካቶሊኩና የኮሚኒስቱ ክፍለ ጦሮች እርስ በርስ ይጠራጠሩ ነበር። ደግሞም ፈተና ሁሉ አርጅቶ አይመጣም። ሌብነት ጊዜ ይፈልጋል፤ በቀል ግን የመጀመሪያው ሳምንት ፈተና ነው፤ ያንን ቪጎሬሊ አልፈውታል። ያልተመረጠ መሆኑ እውነተኛ ጉድለት ነው። ጉድለቱን ያወቀ አካል ግን ራሱን ቋሚ ብሎ አይጠራም፤ እነርሱም አልጠሩም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ሊከላከሉት የማይችሉትን አገር ነጻ ማለት በሕዝብ ሕይወት መቆመር አይደለም ወይ? ከተባበሩት ኃይሎች የተጠበቀው የአየር እርዳታ አልመጣም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 12 ቀን 1944 ከአርበኞቹ አዛዦች አንዱ አልፍሬዶ ዲ ዲዮ በደፈጣ ተገደለ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ዶሞዶሶላ ወደቀች፤ እስከ ጥቅምት 23 ሸለቆው ሁሉ ተያዘ፤ ሰው በአሥር ሺዎች እየሆነ ተራራውን ተሻግሮ ስዊዘርላንድ ገባ። ይህን ዋጋ የሚያቃልል ክርክር የለኝም። የምለው አንድ ነው፦ ቁማርተኛ መሸነፉን አያስብም፤ ምክር ቤቱ ግን አስቦበታል። 2,500 ያህል ሕጻናት በፍሎሬያኒኒ መሥሪያ ቤትና በስዊስ ቀይ መስቀል አማካይነት ድንበር ተሻግረው ስዊሳውያን ቤተሰቦች ዘንድ እንዲቀመጡ ተደርጓል። ልጆቹን ሲያሸሽ ሞቱን አምኗል፤ ሥርዓተ ትምህርቱን ሲነድፍም ልጆቹ እንደሚመለሱ አምኗል። ሁለቱን ባንድ ልብ መያዝ ይቻላል።

የምክር ቤቱ ጸሐፊ ኡምቤርቶ ቴራቺኒ በኋላ የጣሊያን ሕገ መንግሥት ጉባኤ ሰብሳቢ ሆነው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1947 በአዲሱ ሕገ መንግሥት ላይ ፈርመዋል። ይህን ጠቅሶ ኦሶላ ዘር ሆና በቀለች የሚል ክርክር ይመጣል። ደስ ይላል፤ ግን አልቀበለውም። ትክክለኛነቷን ያገኘችው በኋላ ከተሳካው ነው ካልን በበር ያስወጣነውን የዕድሜ ሚዛን በመስኮት እያስገባን ነው። ፋሺዝም አሸንፎ ቢሆን እንኳ የቪጎሬሊ ፍርድ ፍርድ ይሆን ነበር።

«ሪፐብሊክ» የሚለው ስም በኋላ የተሰጣት ነው። እነርሱ ራሳቸውን የጠሩት «ጊዜያዊ የመንግሥት ምክር ቤት» ብለው ነበር። ከሺህ ዓመቱ ምርቃት ይልቅ እውነት ያለው በዚህ ቃል ውስጥ ይመስለኛል። መንግሥት ሁሉ ጊዜያዊ ነው፤ የሚለያዩት ይህን አውቆ በመግዛትና ዘንግቶ በመግዛት ነው። ዘመኑ ረጅም የመሰለው መንግሥት «ጊዜው ሲፈቅድ» እያለ ፍትሕን ያሳድራል፤ «ይደር» የሚል ዳኛ ነገ ችሎት እንደሚቀመጥ እርግጠኛ ነውና። በዶሞዶሶላ እንዲህ ያለ እርግጠኛ ዳኛ አልነበረም።