የጆሮ ምስክርነት

ዲጂታል ቀረጻ በመሠረቱ የቁጥር ዝርዝር ነው። ሶኒና ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1980 በተስማሙበት የሲዲ ደንብ መሠረት የአንድ ሰከንድ ሙዚቃ በግራም በቀኝም 44,100 ጊዜ ይለካል፤ ናሙና የሚባለው እያንዳንዱ ልኬት ከ65,536 እርከኖች በአንዱ ይመዘገባል፤ በሁለት ናሙናዎች መካከል ግን የተጻፈ ነገር የለም። ይህን ዝርዝር ያለማቋረጥ ከፍ ዝቅ ወደሚል የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመልሰው መሣሪያ ከዲጂታል ወደ አናሎግ መቀየሪያ፣ በአጭሩ ዳክ ይባላል። ዳክ በማንኛውም የእጅ ስልክ ውስጥ ይገኛል፤ ነገር ግን ለብቻው በወፍራም የአሉሚኒየም ሣጥን ተሠርቶ በብዙ ሺህ፣ አልፎ አልፎም በብዙ አሥር ሺህ ዶላር የሚሸጥና በሳሎኑ የሙዚቃ መሣሪያዎች መካከል የክብር ቦታ የሚይዝ ዓይነትም አለ። ከእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ጋር የሚኖር ሰው፣ አስተዋለውም አላስተዋለውም፣ ያልተቋረጠው ነገር ከተቆራረጠው ሊመለስ ይችላል ወይ ከሚለው ጥንታዊ ጥያቄና ሰው ስለ ገዛ ስሜቱ ሲመሰክር ምን ያህል ይታመናል ከሚለው ጥያቄ ጋር አብሮ ይኖራል።

አሪስቶትል በፊዚካ መጽሐፉ ስድስተኛ ክፍል መስመር ከነጥቦች ሊገነባ እንደማይችል ይሟገታል፤ በማናቸውም ሁለት ነጥቦች መካከል ምንጊዜም መስመር አለና ነጥብ በነጥብ ላይ ቢደረደር ርዝመት አይወልድም። ሙዚቃው ተከትፎ ደረጃ በደረጃ ሆኗል፣ በደረጃዎቹ መካከል የነበረውም ሕይወት ጠፍቷል የሚለው በዲጂታል ድምፅ ላይ የሚሰነዘር የተለመደ ቅሬታ ይህንኑ ሙግት ሳያውቀው ይደግማል። ቅሬታው ግን ከሒሳብ ጋር አይስማማም። ሩሲያዊው ቭላዲሚር ኮቴልኒኮቭ እ.ኤ.አ. በ1933፣ አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን ደግሞ በ1949 ባወጡት ሥራ እንዳሳዩት፣ በሞገዱ ውስጥ ያለው ከፍተኛ ድግግሞሽ፣ ማለትም ሞገዱ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት፣ ከናሙናዎቹ ቁጥር ግማሽ በታች እስከሆነ ድረስ በናሙናዎቹ ሁሉ ላይ ሊያልፍ የሚችለው ሞገድ አንድ ብቻ ነው። የሰው ጆሮ ከ20,000 ሄርዝ (በሰከንድ 20,000 ምልልስ) በላይ ስለማይሰማ 44,100 ናሙና ይበቃል፤ በሁለት ናሙናዎች መካከል ያለውም ነገር በግምት የሚሞላ ሳይሆን አስቀድሞ የተወሰነ ነው። አሪስቶትል ግን በዚህ ተረታ ማለት አይቻልም፤ ሞገዱን የመለሱት ነጥቦቹ ብቻቸውን አይደሉምና፣ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ የሚርገበገብ ነገር እንዳይገባ የሚከለክለው፣ ከነጥቦቹ ውጪ የተደነገገው ገደብ ባይኖር ኖሮ በመካከላቸው ሊያልፍ የሚችለው ሞገድ ስፍር ቁጥር አይኖረውም ነበር።

የሒሳቡ ማረጋገጫ የተነገረው ስለ ፍጹም መሣሪያ ነው፤ እውነተኛው ዳክ ግን ከቁስ የተሠራ በመሆኑ ስሕተቱም የቁስ ስሕተት ነው። መሰላል በሚባለው የቆየ አሠራር ቁጥሩ የተጻፈባቸው አሥራ ስድስቱ ቢቶች (የዜሮና የአንድ ምልክቶች) በሬዚስተሮች አማካይነት እያንዳንዳቸው ከቀዳሚያቸው ግማሽ የሚሆን ኤሌክትሪክ ያዋጣሉ። ሞገዱ መካከለኛውን መስመር በሚያቋርጥበት ቅጽበት ቁጥሩ ከ32,767 ወደ 32,768 ይሻገራል፤ በዚያች ቅጽበት አሥራ አምስት አንዶች በአንድ ጊዜ ዜሮ ይሆናሉ፣ ትልቁን ድርሻ የያዘው የመጀመሪያው ዜሮ ደግሞ አንድ ይሆናል። የዚህ የመጀመሪያ ቢት ድርሻ ከመቶ ሺህ ሦስት ክፍል ያህል ብቻ ቢዛባ ስሕተቱ አንድ ሙሉ እርከን ያህላል፤ ስሕተቱም ጎልቶ የሚወጣው በከበሮው ግርግር ላይ ሳይሆን ከመካከለኛው መስመር ብዙም በማይርቀው ስስ ድምፅ፣ ለምሳሌ እየሟሸሸ በሚሄድ የፒያኖ ቃና ወይም በአዳራሽ ግድግዳ የገደል ማሚቶ ላይ ነው። ሠሪዎች ሬዚስተሮቻቸውን አንድ በአንድ እየለኩ የሚያዛምዱት ስለዚህ ነው። ዴልታ-ሲግማ የሚባለው አዲሱ አሠራር ደግሞ በጥቂት እርከኖች ብቻ፣ ነገር ግን በሰከንድ በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ እየሠራ፣ የስሕተቱን ጩኸት ጆሮ ከሚሰማው ክልል በላይ ስለሚገፋው ይህን ሁሉ ጭንቀት አስቀርቶታል። በመቶ ዶላር አካባቢ የሚገዛ ዳክ ዛሬ በመለኪያ ፊት እንከን ቢታጣለት ምሥጢሩ ይኸው ነው። መሰላሉን በውድ የሚሠሩ ዛሬም አሉ፤ ምርጫቸው ግን ከምህንድስና ይልቅ ለፍቅር የቀረበ ይመስላል።

ብራድ ሜየርና ዴቪድ ሞራን በአሜሪካ አካሂደው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ሙከራ እዚህ ላይ ሊታለፍ አይገባም። ከሲዲ የላቀ ጥራት አላቸው የተባሉ ዲስኮችን አንድ ጊዜ በቀጥታ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በመካከሉ ወደ ሲዲ ልክ ቀይሮ መልሶ በሚያወጣ መሣሪያ አሳልፈው፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማያውቁ አድማጮች አሰሙ። ከ554 ሙከራዎች ትክክል የሆኑት 276 ነበሩ፤ ሳንቲም ቢወረወርም ውጤቱ ከዚህ አይርቅም። ጆሹዋ ሪስ በ2016 የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመረምር ትክክለኛው መልስ ከመቶ 52.3 ሆኖ አግኝቷል፤ ልዩነቱ ፈጽሞ የለም አይባልም፣ ግን ስስ ነው። የሁለቱም ጥናቶች ዋና ጉዳይ የቀረጻ ጥራት እንጂ የዳክ ውድድር አልነበረም፤ ሆኖም በ2007ቱ ሙከራ አንድ ሙሉ የመለወጥና የመመለስ ጉዞ ተጨምሮ አድማጮቹ ሳይለዩት መቅረታቸው ለውድ ዳክ ባለቤት የሚያጽናና ዜና አይደለም።

ታዲያ ድምፁ ሰፋ፣ መጋረጃ ተነሣ የሚለው ባለቤት ይዋሻልን? ዴቪድ ሂዩም በ1757 ስለ ጣዕም መመዘኛ ባሳተመው ድርሰት ከዶን ኪሆቴ ልብ ወለድ የወሰደው አንድ ታሪክ አለ፤ የልብ ወለዱ ገጸ ባሕርይ ከሆነው ከሳንቾ ዘመዶች አንዱ የወይን ጠጁ ቆዳ ቆዳ ይላል፣ ሌላው ብረት ብረት ይላል ብለው ሲሳቅባቸው፣ በርሜሉ ሲገለበጥ ከሥሩ የቆዳ ማንጠልጠያ ያለው ቁልፍ ተገኘ። የዳክ ባለቤቶች ራሳቸውን ከእነዚህ ቀማሾች ጋር ቢያነጻጽሩ አይፈረድባቸውም፤ ልዩነቱ ቀማሾቹ በርሜሉ ውስጥ ምን እንዳለ ሳያውቁ መናገራቸው፣ ባለቤቱ ግን ሣጥኑን አይቶ፣ ዋጋውን ከፍሎ፣ የሠሪውን ዝና ሰምቶ ማዳመጡ ነው። በዚያ ላይ ውድ ዳኮች ብዙ ጊዜ ከተለመደው 2 ቮልት በላይ ያወጣሉ፤ ጥቂት የጮኸ ድምፅ ደግሞ ለጆሮ የጮኸ ሳይሆን የጠራ ሆኖ ይሰማዋል። ቢሆንም ዕውቀቱ በኋላ የተቀባ ቀለም አይደለምና፣ ቢላጥ ከሥሩ ንጹሕ መስማት አይገኝም፤ ሰው የሚሰማው ከሚያውቀው ጋር ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ሰማሁ ያለውን በእርግጥ ሰምቷል፤ ምስክርነቱ ግን ስለ ራሱና ስለ ዕቃው ግንኙነት እንጂ ስለ ዕቃው ብቻ ተደርጎ ሊወሰድ አይችልም።

ከዚህ የሚከብደው የአውግስጢኖስ ጥያቄ ነው። በኑዛዜው አሥረኛ መጽሐፍ የጆሮን ደስታ ሲመረምር፣ ከሚዘመረው ቃል ይልቅ ዜማው ሲያነቃንቀው እንደ በደል እንደሚቆጥረው ይናዘዛል፤ የእስክንድርያው አትናቴዎስ መዝሙረ ዳዊትን ለንባብ በቀረበ ዜማ ብቻ ያስደርስ እንደነበረ መስማቱንም ጠቅሶ፣ ይህ መንገድ ሳይሻል አይቀርም ብሎ ያመነታል። (ይኸው አትናቴዎስ አባ ሰላማን ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ ሾመ፤ የአክሱም ቤተ ክርስቲያን ግን ኋላ በከበሮና በጸናጽል የሚታጀብ የዜማ ባሕር ሆነች።) በመጨረሻ አውግስጢኖስ ደካማው ልብ በጆሮ ደስታ ወደ ጸሎት እንዲነሣ ሲል መዝሙሩን ፈቀደ። ለእርሱ ፉክክሩ በቃልና በዜማ መካከል ነበር፤ የዳክ ባለቤት ደግሞ ሦስተኛ ጨምሮበታል። የባኽን ቅዳሴ ከፍቶ የመዘምራኑን ርቀት የሚለካ፣ ያንኑ የመክፈቻ ክፍል በሁለት ሣጥን እየደጋገመ የሚያወዳድር ሰው ቃሉንም ዜማውንም ትቶ የሚሰማው የድምፁን ገጽ ነው። ከአንድ ዕቃ ጋር ለብዙ ጊዜ መኖር ይህን አመል ሊያስረሳ ይችላል፤ የጎደለ ነገር ይኖር ይሆን የሚለው ጥርጣሬ ካለቀ ሰውየው ሥራውን እስከ መጨረሻው ይሰማልና፤ ጥርጣሬው በመቶ ዶላሩ ዳክ የማያልቅለት ሰው በውዱም ላያልቅለት ይችላል። ለዚህ ግን የሜየርና የሞራን ዓይነት ሙከራ አይጠቅምም፤ በእነርሱ ሙከራ የሚለዋወጠው መሣሪያው ነበር፣ እዚህ ተለውጦ እንደሆነ መታየት ያለበት አድማጩ ነው።